የልጆቼን መዝገብ ለያዛችሁ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በውጭ አገር ጉዲፈቻ ከሄዱ ልጆቼ ጋር እንድገናኝ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በማመልከቻ የጠየቅኩት መልስ ስላላገኘ ነው። ማመልከቻዬ «ገቢ» ተብሎ ማኅተም ተመቶበታል። ቁጥርም አለው። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። አንዱን ብጠራ ሌሎቻችሁ «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ጉዳዩ ደግሞ በብዙ ጠረጴዛ ያለፈ ነው። ቀበሌ ጽፎለታል፣ ወረዳ አረጋግጦለታል፣ ፍርድ ቤት ወስኖለታል፣ ፓስፖርት ወጥቶለታል፣ ኤምባሲ ቪዛ መትቶለታል።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሴት ናት፣ ታናሹ ወንድ። በ2001 ዓ.ም. በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄዱ። እሷ ያኔ 7 ዓመቷ ነበር፣ እሱ 4። አሁን ሁለቱም ሃያን አልፈዋል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሳይጠየቁ ታሪካቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲበተን አልፈልግም። የእኔንም ስም የማላወጣው ለእነሱ ብዬ ነው። መዝገቡን ከፍቶ ለሚፈልገኝ ግን ስሜም፣ የጣት አሻራዬም፣ ፎቶዬም እዚያው አለ።

እንዴት እንደሄዱ ባጭሩ ልናገር። ባለቤቴ ታሞ ሞተ። እኔም ተመረመርኩና የኤች አይ ቪ ቫይረስ ተገኘብኝ። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ እኛ አካባቢ ግን ለማግኘት ሩቅ መሄድ ነበረብኝ፣ እኔ ደግሞ ከአልጋ ወርጄ ደጅ መውጣት አቅቶኝ ነበር። እንደምሞት እርግጠኛ ነበርኩ። ጎረቤቶቼም እርግጠኛ ነበሩ፤ ማን ምን እንደሚወስድ ሳይቀር ይነጋገሩ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ። በዚህ መሐል የአንድ ድርጅት ሠራተኛ መጣ። ልጆቹ ይማራሉ፣ በየዓመቱ ፎቶና ደብዳቤ ይመጣልሻል፣ ሲያድጉ እየመጡ ያዩሻል ተባልኩ። ያኔ ለልጆቹ የታየኝ መንገድ ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ መድኃኒቱን ጀመርኩ። ሳልሞት ቀረሁ። አሁን ጤና ጣቢያ ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ነፍሰ ጡር እናቶች እመክራለሁ። «ልጄን ለማን ልስጥ?» ብለው የሚመጡ አሉ። «ለማንም። ኪኒንሽን ዋጪ፣ ልጅሽን አሳድጊ» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ጡት አጥብተው፣ አስከትበው፣ ትምህርት ቤት አስገብተዋል። እኔ በታመምኩ ጊዜ እንዲህ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ወደ ቢሮዎቻችሁ ልመለስ።

ስመጣ መጀመሪያ የምሰማው «ፈርመሻል» የሚል ነው። አዎ፣ ፈርሜያለሁ። ዳኛ ፊት ቀርቤ ተጠይቄያለሁ። የያኔው አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነበር፤ አስተርጓሚ እያስረዳኝ «አዎ» ብያለሁ። ያንን ፊርማ ልፍቀው ብዬ አልመጣሁም። ልጆቹን ያሳደጓቸው ሰዎች አሳድገዋቸዋል፣ ይህን ማንም አይነጥቃቸውም። ግን ፊርማዬን የምታነቡልኝ ሰዎች ሕጉንም አብራችሁ አንብቡት። የፈረምኩት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ነው። ይህ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና ጸንቶ ይቆያል ይላል። ምርጫ ሲመጣ የጉዲፈቻ ቤተሰቡ ይቅደም ይላል እንጂ የወለደችው እናት ትረሳ አይልም። የአሜሪካ ሕግ ሌላ ነው። እዚያ ጉዲፈቻ ሲጸድቅ ከወላጅ ጋር ያለው ሕጋዊ ገመድ ይቆረጣል። የእነሱን ሕግ ቀይሩልኝ አላልኩም። የራሳችንን አክብሩልኝ ነው የምለው።

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅ መብት አለው ይላል። ይህ መብት የእኔ ሳይሆን የልጆቼ ነው። እኔን የሚያውቁበት ወረቀት ያለው ግን እናንተ ዘንድ ነው።

ሁለተኛው መልስ «ሪፖርቱ ምስጢር ነው» የሚል ነው። ስለዚህ ሪፖርት ትንሽ ላውራ፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ልጅ የወሰዱ ቤተሰቦች በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር፣ ከዚያም ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ የክትትል ሪፖርት ሊልኩ ግዴታ ነበረባቸው። ስለ ጤናው፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጠባዩ ተጽፎ ከፎቶ ጋር ይመጣል። በዚህ ስሌት የሴቷ ሪፖርት እስከ 2012 ዓ.ም.፣ የወንዱ እስከ 2015 ዓ.ም. መምጣት ነበረበት። በወረቀቱ ከሄድን እንዲያውም የእሱ እስከ 2017 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱም ዕድሜው ላይ 2 ዓመት ቀንሰውለታል። ማን እንደቀነሰው አላውቅም፤ ትንሽ ልጅ ቶሎ ወሳጅ ያገኛል ሲባል ግን ሰምቻለሁ። 4 ዓመት የሞላውን፣ ዶሮ እየነዳ ቤት የሚያስገባውን ልጄን በወረቀት ላይ የ2 ዓመት ሕፃን አደረጉት። የልደት ቀኑም መስከረም 1 ተብሎ ተጽፏል። እኔ የወለድኩት በበልግ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሪፖርት በድርጅቱ በኩል አይቻለሁ። ወረዳው ከተማ ጠርተውን በአንድ አዳራሽ እንሰበሰባለን። እናት፣ አባት፣ አያት፣ ሁሉም ወረፋ ይይዛል። ተራሽ ሲደርስ አንድ ልጅ እግር ወረቀቱን ይዞ ቶሎ ቶሎ ይተረጉምልሻል። «ጤንነቱ ጥሩ ነው። ኳስ ይወዳል። አትክልት አይወድም።» አለቀ። የሚቀጥለው። ወረቀቱን ይዘሽ መሄድ አይቻልም። አንድ ጊዜ ለምኜ የሴቷን ፎቶ ፎቶ ኮፒ አደረጉልኝ። ፎቶ ኮፒው ፊቷን አጥቁሮት በደንብ አይለይም። የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ በረዶ ላይ ቆማለች። ግራ ጆሮዋ በልጅነቷ እንደነበረው ወጣ ብሏል። የእሷ እንደሆነ ያወቅኩት በጆሮዋ ነው። ያለኝ ይህ ብቻ ነው። በፕላስቲክ አስለብሼዋለሁ።

ከዚያ ሪፖርቱ ቆመ። ድርጅቱም ቢሮውን ዘጋ። የቤቱ ባለቤት ለሌላ ሰው አከራይቶታል፣ አሁን የፀጉር ቤት ነው።

እዚህ ላይ እናንተንም ላመስግን፤ የተደረገ ነገር አለና። በ2003 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መንግሥት በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን የውጭ ጉዲፈቻ ጉዳይ ወደ 5 ዝቅ አደረገ። ሰነድ በደንብ ይጣራ ተብሎ ነው። በ2009 ዓ.ም. ጭራሽ ታገደ፣ በ2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ በሕግ ዘጋው። ጥሩ አደረጋችሁ። ሬዲዮ ላይ ስሰማ ደስ ብሎኛል። ግን አዋጁ የሚመለከተው ገና ያልሄዱትን ነው። የሄዱትስ? ወደ አሜሪካ ብቻ ከ1999 እ.አ.አ. ወዲህ የሄዱት ከ15 ሺህ በላይ ናቸው። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ቤልጅየም፣ ዴንማርክ፣ ካናዳ የሄዱት ሲጨመሩ ምን ያህል የእናት ደጅ ክፍት እንደቀረ አስቡት። በር መዝጋቱ ጥሩ ነው። ከበሩ ወዲህና ወዲያ የቀሩ ሰዎች እንዳሉ ግን አትርሱ።

«ፌስቡክ ላይ ፈልጊያቸው» የሚሉኝ አሉ። እንዲህ የሚሉኝ ቅን ሰዎች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። በማን ስም ልፈልግ? በእኛ ባህል የልጅ ስም ቀጥሎ የአባቱ ስም ነው። ልጆቼ በሄዱበት ፓስፖርት ላይ ግን ከስማቸው ቀጥሎ የተጻፈው የአሳዳጊያቸው ስም ነው። እዚያ ከደረሱ በኋላ የመጀመሪያ ስማቸውም ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የተወለዱበት ቀን በወረቀት ላይ ሌላ፣ ዕድሜያቸው ሌላ። የጤና ጣቢያችን ልጆች በስልካቸው ብዙ ሞክረውልኛል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ አሳዩኝ፣ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ጆሮዋን ሳየው እሷ አልነበረችም።

ሌላ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። አሁን አንዳንድ በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆች ወላጆቻቸውን ያገኛሉ። ደስ ይላል። እዚያ ያለው ቤተሰብ ዶላር ይከፍላል፣ እዚህ ያለ ፈላጊ ሞተር ይዞ ገጠር ይገባል፣ ቀበሌ ይጠይቃል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ቪዲዮ ቀርጾ ይልካል። ምራቅ በትንሽ ብልቃጥ ልከው ዘመዳቸውን በዲኤንኤ የሚያገኙም አሉ። ግን ይህ መንገድ የሚሠራው ከዚያ ወደዚህ ብቻ ነው። እነሱ ሲፈልጉን እንገኛለን። እኛ ስንፈልጋቸው የምናንኳኳው በር የለም። ይልቁንም ደላላ ያገኘናል። «ልጆችሽ ያሉበትን አውቄያለሁ፣ ለካርድ ላኪልኝ» የሚል ስልክ ስንት እናት ደርሷት ይሆን! አንዱ እኔ ጋ ደውሎ ስለ ወንድ ልጄ ሲያወራልኝ «ምልክቱ ምንድነው?» አልኩት። ዘጋብኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ማዘር፣ ሲስተም የለም» ትሉኛላችሁ። እሺ። ይህ የ2001 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር በክላሰር ነበር። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ክላሰሩ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በልጅ ስም ፈልጋችሁ ካጣችሁት በእኔ ስም ፈልጉት። በቀበሌው ፈልጉት። በዓመቱ ፈልጉት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከወደደ አንድ ክላሰር አውጥቶ አቧራውን ማራገፍ ከአንድ ጠዋት በላይ አይፈጅበትም። ችግሩ ማንም ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ አለመኖሩ ነው። እዚህ ስጠይቅ ወደ ክልል፣ ክልል ስሄድ ወደ አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ ስደርስ «ከወረዳሽ ደብዳቤ አጽፈሽ ነይ»። ወረዳው ደግሞ «ለማን ብለን እንጻፍ?» ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ለማን ብለው ይጻፉ?

ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ልናገር። የሚቻል ነገር ነው የምጠይቀው።

የልጆቼን አድራሻ ስጡኝ አላልኩም። ይህን በቀይ አስምሩበት፣ ሁሌ የምትፈሩት እሱን ስለሆነ። አዋቂዎች ናቸው፣ የራሳቸው ኑሮ አላቸው። የእኔን ደብዳቤ ተቀብላችሁ እናንተ አድርሱላቸው። «የወለደቻችሁ እናት በሕይወት አለች፣ ልታገኙዋት ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ» የሚል አንድ ገጽ ይበቃኛል። በእንግሊዝኛ ተርጉሙት፣ አማርኛም የእኔም ቋንቋ ከአፋቸው ጠፍቶ ይሆናልና። አንፈልግም ካሉ «አልፈለጉም» በሉኝ። ይህን እችለዋለሁ። ያቃተኝ በሕይወት እንዳለሁ ያውቁ ይሆን የሚለው ነው። ለእነሱ የተነገራቸው እናታችሁ ልትሞት ነው ተብሎ ነው። እናት ሞታለች ብሎ የሚያስብ ልጅ እናቱን አይፈልግም። እኔ ዝም ያሉኝ ሳይሆን ያለቀሱልኝ ነው የሚመስለኝ።

ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ በነበርንበት ጊዜ ስልክ ተቆርጦ፣ ፖስታ ቆሞ ነበር። ያኔ ሰው ከወዲያ ማዶ ካለ ዘመዱ ጋር የሚጻጻፈው በቀይ መስቀል መልእክት ነበር። ፖለቲካ የሌለበት፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት አንድ ክፍት ወረቀት ነው። ሰውየው በእጁ እስኪቀበል ድረስ ያደርሱለታል። ስልኩ የተከፈተው የውጭ ጉዲፈቻ በሕግ በተዘጋበት በዚያው በ2010 ዓ.ም. ነው። ሁለት የሚዋጉ አገሮች መሐል ወረቀት ካለፈ፣ ቪዛ የመታ ኤምባሲና ሪፖርት የተቀበለ ቢሮ ባለበት አገር እንዴት አያልፍም?

ሪፖርቶቹንም አሳዩኝ። ልጆቼ 18 ዓመት እስኪሞላቸው የመጣ ካለ ቁጭ ብዬ ላንብበው። ካልመጣ ደግሞ ያልመጣበትን ዓመት ንገሩኝ። ግዴታ የገባ ሰው ግዴታውን ሳይወጣ ሲቀር ማን ጠየቀው? ይህን ስል አሳዳጊዎቹን ለመክሰስ አይደለም። ምናልባት ልከው ይሆናል። ምናልባት እዚህ ካርቶን ውስጥ ሳይከፈት ተቀምጦ ይሆናል። ፎቶ ኮፒውን ያየ ሰው ዋናው የት እንዳለ መጠየቁ አይቀርም።

የተዘጉት ድርጅቶች ሰነድም ይሰብሰብ። ቢሮ ሲዘጋ ወንበርና ጠረጴዛ ይሸጣል፣ የልጆች መዝገብ ግን እንደ ወንበር አይታይ። ደቡብ ኮሪያ ከጦርነቷ በኋላ በርካታ ልጆቿን ወደ ውጭ የላከች አገር ናት። በ2025 እ.አ.አ. በግል የጉዲፈቻ ድርጅቶች እጅ የነበረውን መዝገብ መንግሥት ወደ አንድ ቦታ እንዲሰበሰብ አድርጓል። ከ2020 እ.አ.አ. ጀምሮ ደግሞ ውጭ ያደጉ ልጆቿ በየኤምባሲዋ ዲኤንኤ ሰጥተው እንዲመዘገቡ ፈቅዳለች። ሀብታም ስለሆነች ነው ትሉ ይሆናል። ዲኤንኤው ይቅር። ካርቶን መሰብሰብ ግን ብዙ ሀብት አይፈልግም።

ኤምባሲዎቻችንም የሚያግዙበት ቀላል መንገድ አለ። በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆች ካደጉ በኋላ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ እኛ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ሊያወጡ ይመጣሉ። ያኔ ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «የወለደዎት ቤተሰብ እየፈለገዎት ከሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ?» አዎ ካለ ስሙ ይመዝገብ። እኛም እዚህ እንመዝገብ። ሁለቱ ሲገጥሙ አንድ ሰው ስልክ ይደውል። ማንም ያለፈቃዱ አይገኝም፣ ማንም ያለፈቃዱ አይጠፋም።

ለመንደሬና ለእኔ መሰሎች መንደር ሰዎችም አንድ ነገር አለኝ። «ልጆቿን ሸጣ ቆርቆሮ ቤት ሠራች» ስትሉ እሰማለሁ። ቆርቆሮውን ያለበስኩት በደመወዜና በዕቁብ ነው፤ ዕቁብ አብረውኝ የጣሉ ሰዎች ይመስክሩ። በአገራችን ልጅ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት በጉዲፈቻ ሲሰጥ የወለደውንም ያሳደገውንም አባቴ ይላል፣ በበዓል ሁለቱም ጋ ይሄዳል። ብዙዎቻችን የገባን ያ ነበር። በዚህ ምክንያት አንገቷን ደፍታ ቢሮ ለመሄድ የፈራች እናት በየመንደሩ አለች። እሷን አታሳቅቋት። አብራችኋት ሂዱ፣ ማመልከቻ ጻፉላት።

ለእናንተ ለኃላፊዎች ደግሞ፦ ለመጀመሪያ አንድ ሰው መድቡልን። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ ቁጥር፣ በውጭ ጉዲፈቻ ልጅ የሰጠ ወላጅ የሚመዘገብበት አንድ መዝገብ። ከዚያ ወረዳው ለማን ብሎ እንደሚጽፍ ያውቃል። እኔም ደብዳቤውን አስጽፌ እመጣለሁ። ለልጆቼ የጻፍኩት ወረቀት ተዘጋጅቷል፣ አንድ ገጽ ነው፣ ማስተርጎም ብቻ ነው የቀረው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሁለት ልጆች እናት

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን
በውጭ አገር ላሉ የኢትዮጵያ ኤምባሲዎች
ልጅ በጉዲፈቻ ለሰጡና እንደ እኔ ለሚፈልጉ ወላጆች